በዘውድ ጉዳይ ላይ እንዴት እንከራከር?

ከዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሳስተምር የተማሪዎቹን የክርክር ክበብ የምመራው እኔ ነበርኩ። በአንድ የኅዳር ዓርብ ከሰዓት በኋላ «ንጉሣዊ አገዛዝ ለኢትዮጵያ ይበጃል ወይስ አይበጅም?» የሚል ርእስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ልጆቹን ለሁለት ከፈልኳቸው። አንደኛው ወገን ስለ ዐድዋ ተናገረ፤ ሌላው ስለ ወሎ ረኃብ ተናገረ። አንደኛው እንደገና ዐድዋን አነሣ፤ ሌላው እንደገና ረኃቡን። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ቆይተን ስንበተን የማንም ነጥብ መልስ አላገኘም ነበር፤ አያቱ ባላባት የነበሩ አንድ ልጅና አያቱ ጭሰኛ የነበሩ ሌላ ልጅ ግን ለሳምንታት ሰላምታ ተነፋፍገው ሰነበቱ። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። ርእሱን እንደዚያ ለጥ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ክርክር በትምህርት ቤት አዳራሽም፣ በወጣቶች ስብሰባም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከማኅበር ዝክር በኋላ በሰው ግቢ ውስጥ ደጋግሜ አዘጋጅቻለሁ። ሊያዘጋጁት ለሚያስቡ ሰዎች የምለው ሁሉ ከአንድ ነገር የሚመነጭ ነው፦ ይህ ክርክር ፍሬ የሚያፈራው ተከራካሪዎቹ በዙፋኑ ላይ የተቀመጠውን ሰው ትተው ስለ ዙፋኑ ራሱ ሲናገሩ ነው። ይህ ደግሞ በየትኛውም ቦታ ከባድ ቢሆንም፣ ምኒልክ በተወለዱባት በአንጎለላና ነገሥታቱ በከተሙባት በአንኮበር አካባቢ እጅግ ይከብዳል፤ እዚህ ንጉሥ የሚባለው ለብዙዎቻችን በዘር ሐረግ የሚቆጠር ዘመድ ነውና።

ርእሱን መቁረጥ

«ዘውድ ይኑር ወይስ ይቅር» የሚለው አነጋገር ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎችን በአንድ ከረጢት ጠቅልሎ ይዟል። አንዱ ዛሬ ዘውድ ያላቸውን አገሮች፣ ማለትም እንግሊዝን፣ ጃፓንን፣ ሞሮኮን ወይም ሌሶቶን ይመለከታል፤ ያላቸውን ያቆዩት ወይስ ይተዉት? ሌላው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዘውድ መሻሩ ተገቢ ነበር ወይስ ሥልጣኑ ተገድቦ መቆየት ነበረበት? ሦስተኛው የቀረውን ዘውድ የመመለስ ጥያቄ ነው። አዘጋጁ ከእነዚህ አንዱን መርጦ በአንድ ዐረፍተ ነገር ካልጻፈው፣ አንዱ ተከራካሪ ስለ ለንደን ሲያወራ ሌላው ስለ ጎንደር እየመለሰለት ቀኑ ይመሻል። ያለን ነገር ማቆየትና የቀረን ነገር መመለስ የሚጠይቁት የማስረዳት ሸክምም የተለያየ ነው፤ ማቆየትን የሚደግፍ ሰው የቆመውን ለማፍረስ ምክንያት አምጡ ብሎ መቀመጥ ይችላል፤ መመለስን የሚደግፍ ግን ማን፣ በየትኛው ሕግ፣ በማን ፈቃድ እንደሚነግሥ የማሳየት ግዴታ አለበት።

ለጀማሪዎች ሁለተኛውን ጥያቄ እመክራለሁ። ምክንያቴም በዚያ ጊዜ መካከለኛው መንገድ በሐሳብ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ላይ የነበረ መሆኑ ነው። በ1966 ዓ.ም. የአብዮቱ ማዕበል በተነሣ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ገድቦ መንግሥቱን ለሕዝብ እንደራሴዎች ተጠያቂ የሚያደርግ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ደርግ ወደ ጎን ተወው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱም ዘውዱ በዚያው ቀን አልጠፋም። ለሕክምና በውጭ አገር የነበሩት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ሲመለሱ እንደሚነግሡ፣ በአስተዳደርና በፖለቲካ ግን ሥልጣን እንደማይኖራቸው ታውጆ ነበር። ዘውዱ ራሱ የተሻረው መጋቢት 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለስድስት ወር ያህል ኢትዮጵያ ቢያንስ በአዋጅ ደረጃ ሥልጣን የሌለው ንጉሥ የምትጠብቅ አገር ነበረች። አብዛኛው ተማሪ ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ክርክሩም ያን ጊዜ «ደርግ ወይስ ጃንሆይ» ከሚለው ጠባብ መንገድ ይወጣል።

የእኛ የዘመን አቆጣጠር ደግሞ አንድ ዕድል ሰጥቶናል። በዚያው በ1967 ዓ.ም. ውስጥ ሁለት ሌሎች አገሮችም ይህንኑ ጥያቄ መልሰዋል። ግሪክ በኅዳር ወር መጨረሻ ሕዝቧን በድምፅ ጠይቃ፣ ከመራጮቹ 69 በመቶ ያህሉ ንጉሥ አንፈልግም ስላሉ ሪፐብሊክ ሆነች። ስዊድን ደግሞ ንጉሧን በቦታው ትታ የቀረችውን የመንግሥት ሥልጣኑን በሙሉ ማለት ይቻላል የሚነሣ ሕገ መንግሥት በታኅሣሥ ወር ሥራ ላይ አዋለች። አንዱ በአዋጅ ሻረ፣ አንዱ በድምፅ ሻረ፣ አንዱ አቆይቶ ባዶ አደረገ። ሦስቱን በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፎ መጀመር «ይኑር» እና «ይቅር» ከሚሉት ቃላት በስተጀርባ «በማን ውሳኔ» የሚል ሌላ ጥያቄ እንዳለ ያሳያል።

የትኛው ዓይነት ዘውድ እንደሚባልም አስቀድሞ መነገር አለበት። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት የተቀደሰ፣ ክብሩ የማይደፈር፣ ሥልጣኑም የማይነካ መሆኑን ይደነግግ ነበር፤ ይህ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአባቶች ተረት በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ማለት ነው። ይህን ከስዊድኑ ንጉሥ ጋር በአንድ ስም ጠርቶ መከራከር ፍትሕ አይደለም።

ሰውንና ዙፋንን መለየት

ተከራካሪዎቹን ለማዘጋጀት ለእያንዳንዱ ወገን አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ እሰጣለሁ፤ ጥያቄውን ሳይመልስ መድረክ ላይ የሚወጣ የለም።

ዘውድ ይኑር ለሚለው ወገን ጥያቄው፣ የምትወዱት ንጉሥ ሞቶ ልጁ ሰነፍ ወይም ጨካኝ ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ የሚለው ነው። የዐድዋን ድል ያነሣ ተከራካሪ፣ ድሉ የመጣው ምኒልክ ንጉሥ ስለነበሩ ነው ወይስ ምኒልክ ስለነበሩ ነው የሚለውን መለየት አለበት። ምኒልክ በመጨረሻ ዓመታታቸው ታመው በተኙ ጊዜ ያው ዙፋን ምን ያህል እንደተናጋ፣ ከሞታቸውም ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ጊዜ ቆይቶ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በልጅ ኢያሱ መሻር በተነሣው ጦርነት ሰገሌ ላይ ስንት የሸዋና የወሎ ሰው እንደወደቀ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ዘውድ ይቅር ለሚለው ወገን ደግሞ፣ የምትወቅሱት ጥፋት ንጉሥ በመኖሩ የመጣ ነው ወይስ ንጉሥ ባይኖርም ይመጣ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። የ1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ በዘውድ ዘመን ተደበቀ። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ግን ንጉሥ ከተሻረ ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ተከራካሪው ረኃቡን ማንሣት ይችላል፤ ነገር ግን መረጃ እንዲታፈን ያደረገው የዙፋኑ አሠራር መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል እንጂ የተራቡትን ሰዎች እንደ መዝጊያ ቃል ሊጠቀምባቸው አይገባም። በዚህ ጉዳይ ላይ አጥብቄ እቆጣለሁ፤ የሞቱ ሰዎች የማንም የክርክር ነጥብ ብቻ አይደሉም።

ዙፋኑ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ከአንኮበር የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። የሸዋው ገዥ መርዕድ አዝማች ወሰን ሰገድ በተገደሉ ጊዜ ይወርሳሉ ተብለው የሚጠበቁት ታላቁ ልጅ በኩሬ መርሐቤቴ ነበሩ። ለደኅንነታቸው ሠግተው ሲዘገዩ፣ ታናሹ ሣህለ ሥላሴ በእናታቸው በዘነበ ወርቅ የመንዝ ዘመዶች ተደግፈው ፈጥነው ሥልጣኑን ያዙ። በኩሬ ቁንዲ የደረሱት ዘግይተው ነበርና ተይዘው ጎንቾ ወኅኒ ቤት ገቡ፤ ሌሎች ወንድሞችም አብረው ታሰሩ። ሣህለ ሥላሴ ከዚያ በኋላ የሸዋ ንጉሥ ተብለው እስከ 1840 ዓ.ም. ገዙ፤ አገሩን አሰፉ፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሣይ ጋርም ውል ተዋዋሉ። መልካም ንጉሥ ነበሩ የሚል ሰው ብዙ ማስረጃ አለው። ዙፋኑ ግን የተወረሰው በዘር ደንብ ሳይሆን ቀድሞ በመድረስ ነው፤ የዙፋኑም ሰላም የተጠበቀው የእናት ልጅ፣ የአባት ልጅ ሳይባል ወንድሞችን በማሰር ነው። የዘር ውርስ የሥልጣን ሽኩቻን ያስቀራል የሚለው ትልቁ የዘውድ ደጋፊዎች መከራከሪያ ከዚህ ታሪክ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት አለበት። ብልህ ደጋፊ መልስ አያጣም፤ ሽኩቻው የመጣው የአልጋ ወራሽ ሕግ ተጽፎ ስላልጸና ነው፣ ሕጉ በጸናባቸው አገሮች ወንድም ወንድሙን አያስርም ሊል ይችላል። ይህን መልስ የሰጠች አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ ዛሬም ይታወሰኛል።

ጎራ ስለ መመደብ

ማን በየትኛው ወገን እንደሚቆም በዕጣ ይወሰን። በእኛ አካባቢ በፈቃድ ሲመረጥ የባላባት የልጅ ልጅ ወደ አንድ በኩል፣ የጭሰኛ የልጅ ልጅ ወደ ሌላ በኩል ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የቤተሰብ ቂም ነው። በዕጣ ሲሆን ግን ሰው የአያቱን ጠላት ሐሳብ በራሱ አንደበት ለማስረዳት ይገደዳል።

ማስረጃ መሰብሰብ

ከጽሑፍ ማስረጃ በኩል የ1923 እና የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታትን፣ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.ን የገጠር መሬት አዋጅ፣ እንዲሁም ዛሬ የሚሠራበትን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ማንበብ ይበቃል። የመሬቱ አዋጅ ዘውዱ ከተሻረበት ቀን በ17 ቀን ይቀድማል፤ ይህን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ጥሩ ነው፤ ለገበሬው ያን ዓመት የተለወጠው ነገር ዘውዱ ነበር ወይስ መሬቱ የሚል ጥያቄ ያስነሣልና። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ተማሪዎቹ አንቀጽ 2ን ራሳቸው እንዲያገኙት አደርጋለሁ፤ የዘውዱን ባለቤትነት ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለተወለዱት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ብቻ ይሰጥና ሐረጉን እስከ ንግሥተ ሳባና እስከ ሰሎሞን ያደርሰዋል። የአንኮበሩ ንጉሥ ስም በአገር ሕገ መንግሥት ውስጥ ተጽፎ ሲያዩ ልጆቹ መጀመሪያ ይኮራሉ፤ ጥቂት ቆይተው ግን አንዱ መጠየቁ አይቀርም፦ «ታዲያ የሌላው አገር ሰው ይህን ሲያነብ ምን ይለው ነበር?»

የቃል ማስረጃ ግን ከጽሑፉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ ሽማግሌዎች የሚሄድ ወጣት በክብር «አባባ»፣ «እማማ» ወይም «ጋሼ» ብሎ፣ ጊዜያቸውን አስፈቅዶ ይጠይቅ። «የጃንሆይ ዘመን ጥሩ ነበር?» የሚለው ጥያቄ የሚያመጣው ናፍቆትን ወይም ምሬትን ብቻ ነው። ይልቁንስ ግብር ለማን ይከፍሉ ነበር፣ ሲጣሉ ማን ዳኛቸው፣ በፍርዱ ቢያዝኑ ወዴት ይሄዱ ነበር፣ የወሰን ክርክር ስንት ዓመት ፈጀ ተብለው ይጠየቁ። «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ የነበረ ሰው ያየውን ይናገር እንጂ ፍርዱን ለተከራካሪዎቹ ይተው።

አንድ ጊዜ ተማሪዎች ይዤ ወደ አንኮበር ወጣሁ። ጉሙ ገና አልገለጠም ነበር፤ ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ በታች ካለ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ አነጋገርን። ጥያቄያችንን በጸጥታ ከሰሙ በኋላ የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ወረቀት አወጡ። በአባታቸው ስም የተቆረጠ የመሬት ግብር ደረሰኝ ነበር፤ እጥፋቱ አልቆ ለአራት ሊከፈል ምንም ያልቀረው፣ ማኅተሙ የደበዘዘ። «ይህን የማሳየው ለዳኛ ብቻ ነበር» አሉን። በተከታዩ ሳምንት በክርክሩ ላይ ሁለቱም ወገኖች በዚያች ወረቀት ተጠቀሙ፤ አንደኛው፣ በዘውድ ዘመን ርስት ያለው ሰው በስሙ ተመዝግቦ መብቱን በማስረጃ ያስከብር እንደነበረ ለማሳየት፤ ሌላው፣ ደረሰኝ የሌለው ጭሰኛ ለዳኛ የሚያሳየው ምን ነበረ ብሎ ለመጠየቅ። ከአንዲት ወረቀት ይህን ያህል ማውጣት ከቻሉ ዝግጅቱ ተሳክቷል ማለት ነው።

ማስረጃ ሲሰበሰብ ከደጋው ብቻ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ የሙስሊም ነጋዴዎች የቆየ ገበያ የሆነችው አልዩ አምባ ትገኛለች፤ በይፋት አርጎባዎች አሉ፤ በዙሪያው ኦሮሞዎች አሉ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ሁልጊዜ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። እንግዲህ የአልዩ አምባ ሰው ልጁ በፍጹም ሊቀመጥበት የማይችለውን ዙፋን «የሁላችን» ብሎ ሊጠራው ይችላል ወይ? የዘውድ ደጋፊ ወገን ይህን ጥያቄ ካላነሣው ሌላው ያነሣዋል፤ ስለዚህ ቀድሞ መልስ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል። መልስ የለውም አልልም፤ የዘር ዙፋን ሥልጣኑን ካጣ ማንም ለማይወዳደርበት የአገር ምልክትነት ብቻ ይቀራል፣ ፕሬዚዳንት ግን ሁልጊዜ የአንድ ወገን ሰው ነው የሚል መከራከሪያ አለ። እኔ በግሌ ይህ መልስ አያረካኝም፤ ግን በሚገባ ሲቀርብ ሰምቻለሁ።

አንድ የአርበኝነት ዘመን ማስረጃም አለ፤ ለየትኛው ወገን እንደሚሠራ እስካሁን እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው የምወደው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ከወጡ በኋላ የሸዋ አርበኞች ሲዋጉ የልጅ ኢያሱን ልጅ መልአከ ፀሐይን አንግሠው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በበሽታ ሞተ። ንጉሥ በሌለበት የተዋጉ ሰዎች ዘውድ የሚጭኑለት ሰው ፈለጉ። ያለ ዘውድ መዋጋት አልቻሉም ይባል? ወይስ ሲፈልጉ ራሳቸው የሚያነግሡ ከሆነ ሥልጣኑ ቀድሞም የእነርሱ ነበር ይባል?

ከውጭ አገር ምሳሌ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይፈቀድ። የእንግሊዝን ንጉሥ የጠቀሰ ሰው፣ በአፍሪካችን ውስጥ የፖለቲካ ፓርቲዎች እ.ኤ.አ. በ1973 የታገዱበትንና ንጉሡ ሙሉ ሥልጣን የያዘበትን ኤስዋቲኒንም አብሮ ያንሣ። ዘውድን የሚነቅፍም ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 አውስትራሊያውያን ሪፐብሊክ ትሁን ተብለው ተጠይቀው አብዛኞቹ አይሆንም እንዳሉ አይደብቅ።

የክርክሩ ዕለት

የክርክር ሥርዓት ከውጭ መዋስ አያስፈልገንም፤ በላ ልበልሃ አለልን። በጥንቱ ችሎት ተሟጋቹ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ተነሥቶ፣ ባላንጣውን በጥያቄ አስሮ መልስ ሳይቀበል ወደ ሌላ ነገር አያልፍም ነበር። ይህን አንድ ደንብ ወስጃለሁ፦ እያንዳንዱ ተናጋሪ የራሱን ከመጀመሩ በፊት የቀደመውን ተናጋሪ ነጥብ በአንድ ዐረፍተ ነገር መልሶ ተናግሮ፣ ባለቤቱ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ይጠብቃል። ለአንድ ተናጋሪ ስድስት ደቂቃ ይበቃል። ሰብሳቢው በአካባቢው የሚከበር፣ በጉዳዩ ላይ አቋሙን ያልተናገረ ሰው ይሁን፤ በተለይ የነገሥታቱን ስም በስድብ የሚያነሣና የአድማጩን ብሔር ወይም እምነት የሚጠቅስ ተናጋሪ ወዲያውኑ ይቀመጥ። በደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውርጭ ከሆነ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት መጨረስ ደግ ነው፤ ብርድ የያዘው አድማጭ የሚጮኸውን እንጂ የሚያስረዳውን አይሰማም።

ታዳሚው ሲገባ «ይኑር»፣ «ይቅር» ወይም «አልወሰንኩም» የሚል ወረቀት ሞልቶ ይስጥ፤ ሲወጣም እንደገና። አሸናፊው ብዙ ድምፅ ያገኘው ሳይሆን ብዙ ሰው ያስለወጠው ወገን ይሁን፤ አለበለዚያ የአዳራሹ ቁጥር አስቀድሞ የሚታወቀውን ይደግማል።

ባለፈው ባዘጋጀሁት ክርክር ሁለቱም ወገኖች ከጨረሱ በኋላ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ድሮ ሌባ ሲሮጥ ወይም ሰው ሊደባደብ ሲነሣ «በምኒልክ አምላክ!»፣ በኋላም «በጃንሆይ አምላክ!» ይባል እንደነበር፣ የተባለውም ሰው ባለበት ይቆም እንደነበር አስታወሱን። «ዛሬም በሕግ አምላክ እንላለን፤ ልጆቼ፣ ማን ይቆማል?» ብለው ጠየቁ። ይቅር ባዮቹ፣ ከሰው ስም ወደ ሕግ መሸጋገራችን ነው ትልቁ ነገር አሉ፤ ይኑር ባዮቹ፣ የሚያስቆም ስም አጥተናል አሉ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አይቶ ተጨማሪ አሥር ደቂቃ ሰጠ። የመውጫው ወረቀት ሲቆጠር ሐሳባቸውን ከለወጡት መካከል ብዙዎቹ ከወረቀቱ ጀርባ ላይ የጻፉት ይህንኑ ጥያቄ ነበር፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ወር ርእስ አድርገን በሰሌዳው ላይ ጽፈነው ወጣን።